ያጠረ አፈሙዝ ለምን ይነክሳል?

ሰው አጭር ጠመንጃ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ይህ ሩቅ አይመታም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ነገር ግን የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። የአሜሪካንና የሶቪየት ኅብረትን የጦር መሣሪያ መሐንዲሶች ለአሥርተ ዓመታት ያደከማቸው ርቀቱ አልነበረም። ያደከማቸው ጠመንጃው የመጀመሪያውን ጥይት ከተኮሰ በኋላ ሁለተኛውን በራሱ አጉርሶ ይቀጥላል ወይስ ነክሶ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ነው።

በጋዝ ኃይል በሚሠራ ጠመንጃ ውስጥ አፈሙዙ ለአረሩ አቅጣጫ ከመስጠት ያለፈ ሥራ አለበት። ጠመንጃውን የሚያንቀሳቅሰው ጋዝ መቼ፣ በምን ያህል ግፊት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ የሚወስነው የአፈሙዙ ርዝመት ነው። ስለዚህ አፈሙዝ ያሳጠረ ሰው የመሣሪያውን ጠቅላላ አሠራር ነክቷል፤ ይህን ቢያውቅም ባያውቅም። እዚህ አፈሙዝ የምለው ከጥይቱ ማደሪያ ጀምሮ እስከ ጫፉ ያለውን ሙሉ ቱቦ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃታው ተስቦ የጥይቱ ባሩድ ሲቀጣጠል ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንመልከት። በአሜሪካ ጦር ኤም 16 ጠመንጃ ውስጥ ያለው ግፊት ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከከባቢ አየር ግፊት 3,500 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። አረሩ እየተፈተለከ ወደ ፊት ይሮጣል። ከአፈሙዙ መሐል አለፍ ብሎ በጎን በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ተበስታለች። አረሩ ከኋላዋ እስካለ ድረስ ቀዳዳዋ ምንም አይደርሳትም። አረሩ ሲያልፋት ግን ከኋላው የሚገፋው ጋዝ ከፊሉ በእርሷ በኩል ይወጣና ተመልሶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የጥይቱን ማደሪያ የዘጋውን ብረት ይገፋል፤ መዝጊያው ተፈትቶ ወደ ኋላ ሲሸሽ ባዶውን ቀለሃ ጎትቶ ይጥላል። ከዚያ ሰደፉ ውስጥ ያለው ሞላ መዝጊያውን መልሶ ይገፋዋል፤ መዝጊያውም በመመለሻው ላይ ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ያጎርሳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው አረሩ አፈሙዙን እንደ ጠርሙስ ቡሽ ደፍኖ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። አረሩ ከጫፉ በወጣባት ቅጽበት ግፊቱ ወደ አየር ይበተናል፤ ወደ ቀዳዳዋ የሚገባው ጋዝም ያበቃል። እንግዲህ የጠመንጃውን ዕድል የሚወስኑት ሁለት ርቀቶች ናቸው ማለት ነው። አንደኛው ከጥይቱ ማደሪያ እስከ ቀዳዳዋ ያለው ነው፤ ይህ ጋዙ በምን ያህል ግፊት እንደሚገባ ይወስናል፤ ቀዳዳዋ ወደ ኋላ በቀረበች ቁጥር ጋዙ የበለጠ ትኩስና ኃይለኛ ነው። ሁለተኛው ከቀዳዳዋ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ያለው ነው፤ ይህ ደግሞ ጋዙ የሚሠራበትን ጊዜ ይወስናል።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ኤም 16 አፈሙዝ 20 ኢንች፣ ማለትም 508 ሚሊሜትር ነው። ከቀዳዳዋ ወዲያ ወደ 175 ሚሊሜትር ገደማ ይቀራል። አረሩ ይህን የሚያልፈው ከሰከንድ ሺህኛ አንድ አምስተኛ በማይሞላ ጊዜ ነው። የመሣሪያው ክብደት፣ የሞላው ጉልበት፣ የቀዳዳዋ ስፋት፣ የባሩዱ ዓይነት፣ ሁሉም ለዚህች ቅጽበት ተሰልተው የተሠሩ ናቸው። አሁን አፈሙዙን ከፊት በኩል አሳጥሩት። ቅጽበቷ ታጥራለች፤ ጋዙ መዝጊያውን በበቂ ሳይገፋ ያልቃል። ይህን ለማካካስ ቀዳዳዋን ወደ ኋላ ከወሰዷት ደግሞ ግፊቱ በጣም በበረታበት ቦታ ላይ ትከፈታለች። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው።

ግፊቱ ሲበዛ ምን ክፋት አለው? ነሐሱ ቀለሃ በተኩሱ ጊዜ ያብጥና ከማደሪያው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ግፊቱ ሲቀንስ መልሶ ይላቀቃል፤ ያኔ ማውጣት ቀላል ነው። መዝጊያው ከጊዜው ቀድሞ ከተፈታ ግን ቀለሃውን የሚጎትተው ጥፍር ገና የተጣበቀን ነገር ነው የሚጎትተው። ወይ ያመልጠዋል፣ ወይ የቀለሃውን ጠርዝ ይቀድደዋል፣ ወይ ከብዙ ሺህ ተኩስ በኋላ ጥፍሩ ራሱ ይሰበራል። ሌላም አለ። ካዝናው ውስጥ ያለው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ለመግፋት የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። መዝጊያው ከልክ በላይ ከፈጠነ ሄዶ ሲመለስ ጥይቱ ገና ቦታው አልደረሰም፤ መዝጊያው በላዩ ያልፍና ባዶ ማደሪያ ይዘጋል።

ይህ ነጥብ በጣም የሚያሳስት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጋዝ ሲያንስ መዝጊያው ጥይቱን ለመያዝ የሚያህል ወደ ኋላ ስለማይሄድ ባዶ ማደሪያ ይዘጋል። ጋዝ ሲበዛም ጥይቱን ቀድሞ ስለሚያልፈው ባዶ ማደሪያ ይዘጋል። ተኳሹ በሁለቱም ጊዜ የሚያየው ያው ነው፤ ቃታ ስቦ ድምፅ ማጣት። በሽታዎቹ ግን ተቃራኒ ናቸው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የሰጠ ሰው ችግሩን ያባብሰዋል። በዚህ መስክ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በሰከንድ ብዙ ሺህ ምስል የሚያነሱ ካሜራዎችንና በአፈሙዝ ላይ የሚገጠሙ የግፊት መለኪያዎችን የሚጠቀሙት ዓይንም ጆሮም እዚህ ስለማይበቁ ነው።

የአፈሙዝ ማሳጠር ታሪክ ከኤም 16 በፊት ይጀምራል። ኤም 1 ጋራንድ የአሜሪካ ጦር በ1936 የተቀበለው ጠመንጃ ነው። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ ጦር ሥር ሆኖ ሲዋጋ የያዘውም ይህንኑ ነበር። ዲዛይነሩ ጆን ጋራንድ መጀመሪያ አፈሙዙን መብሳት አልፈለገም፤ ጋዙን የሚይዘው ጫፉ ላይ በተገጠመ ቆብ መሰል ክፍል ነበር። አሠራሩ ስላስቸገረ በ1940 ገደማ ጫፉ አጠገብ በተበሳች ቀዳዳ ተተካ። ቀዳዳዋ ወደ ጫፉ ስለቀረበች ጋዙ እዚያ ሲደርስ በርዶና ተዳክሞ ነው፤ ጋራንድ ለስላሳና አስተማማኝ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1944 አፈሙዙን ከ24 ወደ 18 ኢንች ያሳጠረ ሙከራ ተደረገ። ቀዳዳዋም የግፊት ዘንጉም አብረው ወደ ኋላ ተሳቡ። ጠመንጃው ይተኩሳል፤ ነገር ግን የአፈሙዙ ነበልባልና ፍንዳታ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። በፓስፊክ ግንባር ላሉ ወታደሮች ታስቦ የቀጠለው ተመሳሳይ ሥራም ጦርነቱ ሲያበቃ ቆመ።

ነበልባሉ ከየት መጣ? ባሩድ ለመቃጠል ጊዜ ይፈልጋል። ለረጅም አፈሙዝ የተቀመመ ባሩድ በአጭር አፈሙዝ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ከአረሩ ጋር ይወጣና ውጪ አየር ላይ ይነዳል። ተኳሹ ጉልበቱን ያጣል፤ በምትኩ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅና በሌሊት ቦታውን የሚያጋልጥ ብርሃን ያገኛል።

ኤም 16 በቬትናም የገጠመው መከራ የአፈሙዝ ርዝመት ጉዳይ አልነበረም፤ ነገር ግን ለዚህ ርዕስ ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። የዲዛይነሩ የዩጂን ስቶነር ንድፍ ፒስተን፣ ማለትም ጋዙ የሚገፋው ዘንግ፣ የለውም። ጋዙ በቀጭን ቱቦ ተመልሶ በቀጥታ መዝጊያውን የተሸከመው ብረት ውስጥ ይገባል። ቀላል ነው፣ ክብደት ይቀንሳል፣ በልዩ ዓይነት ባሩድም ጥሩ ይሠራ ነበር። በ1964 ጦሩ በሌላ ባሩድ ተካው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ባሩድ የሚፈለገውን የአረር ፍጥነት በተፈቀደው ግፊት ውስጥ ሁልጊዜ ማምጣት አቅቶት ነበር። አዲሱ ባሩድ ማደሪያው ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ግፊት ከልክ ሳያሳልፍ ፍጥነቱን አስገኘ። በወረቀት ላይ ሁሉም ደህና ነው። ነገር ግን አቃጠሉ ዘግየት ያለ ስለሆነ አረሩ ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ የቀረው ግፊት ከበፊቱ ይበልጣል። አፈሙዙ አልተነካም፣ ቀዳዳዋ አልተነካችም፤ ነገር ግን ሒሳቡ ፈረሰ። በደቂቃ ከ850 እንዳይበልጥ ተወስኖ የነበረው የተኩስ ፍጥነት እስከ 1,000 መድረስ ጀመረ። ከዚህ ላይ ማደሪያው ክሮም አልተቀባም፤ ለብዙ ወታደሮች የማጽጃ ዕቃ አልተሰጠም፤ እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል። ቀለሃ ማደሪያው ውስጥ ተጣብቆ የቀረባቸው ወታደሮች በዘንግ ከፊት እየወጉ ለማውጣት ሲሞክሩ ሞቱ። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ጦሩን በጽኑ ወቀሰ። ማደሪያው ክሮም ተቀባ፤ ከመዝጊያው ኋላ ያለው ክብደት በከባድ ተተካ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የሰው ሕይወት የጠፋው ለውጡን የፈቀዱት ሰዎች ባሩዱን ከጠመንጃው ነጥለው ስለለኩት ነው።

ያው ጦር በዚያው ዘመን የኤም 16ን አጭር ቅጂ ይሞክር ነበር። ለሄሊኮፕተርና ለልዩ ኃይል የተሠራው ኤክስኤም 177 አፈሙዙ 10 ኢንች ብቻ ነው፤ ከዋናው እኩሌታ። ቀዳዳዋ ከማደሪያው ወደ 200 ሚሊሜትር አካባቢ ተሳበች። ከቀዳዳዋ ወዲያ የቀረው 56 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። አረሩ ይህን የሚጨርሰው ከሰከንድ ሺህኛ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ከ20 ኢንቹ ጋር ሲነጻጸር ጋዙ በጣም የበረታ፣ ጊዜው ግን ከግማሽ ያነሰ ነው። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ በጠባብ ድንበር ላይ ይቆማል፤ ጥይቱ ትንሽ ሲደክም፣ ብርዱ ሲበረታ ወይም ቆሻሻ ሲጠራቀም ወደ አንዱ ጎን ይወድቃል።

አምራቹ ኮልት ኩባንያ ያገኘው መፍትሔ ጫፉ ላይ ተገጠመ። ወደ 11 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ክፍልፋይ ያለው ሲሊንደር ነው። ተቀዳሚ ዓላማው ድምፁንና ነበልባሉን ወደ ረጅሙ ጠመንጃ መጠን ማውረድ ነበር። ነገር ግን ጋዙን ለቅጽበት አፍኖ ስለሚይዝ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ግፊት ወዲያው እንዳይወድቅ ያደርጋል፤ በዚህም የጎደለውን ጊዜ በከፊል ይመልሳል። ጉዳቱም አልቀረም፤ በቶሎ በጥላሸት ይሞላ ነበር። በ1967 የመጣው ቀጣዩ ቅጂ አፈሙዙን ወደ 11.5 ኢንች አስረዘመ። አንድ ኢንች ተኩል ትንሽ ትመስላለች። ከቀዳዳዋ ወዲያ ያለውን ርቀት ግን ከ56 ወደ 94 ሚሊሜትር ገደማ አሳደገችው፤ በእኛ ሒሳብ ግዙፍ ለውጥ ነው። ያም ሆኖ ምርቱ በ1970 ቆመ። ያን ሲሊንደር የአሜሪካ መንግሥት በኋላ ከድምፅ ማፈኛ ጋር ስለመደበው ጠመንጃውን ወደ ውጭ መሸጥም አስቸጋሪ ሆነ።

ሶቪየቶች በ1979 የተቀበሉት የኤኬ 74 ጠመንጃ አጭር ቅጂ፣ ኤኬኤስ 74ዩ፣ ከዚህ ሁሉ በድፍረቱ ይልቃል። የኤኬ 74 አፈሙዝ 415 ሚሊሜትር ነው፤ የዚህ 206.5 ብቻ። ሰደፉ ሲታጠፍ ጠመንጃው ከግማሽ ሜትር ያንሳል፤ ለታንክ ነጂ፣ ለአብራሪና ለመድፈኛ ተብሎ የተሠራ ነው። የጠመንጃው ፎቶ ካላችሁ ጫፉን ተመልከቱት፤ ከአፈሙዙ የሚወፍር፣ ፊቱ እንደ ጡሩምባ የተከፈተ ሲሊንደር ታያላችሁ። ብዙ ሰው ነበልባል መደበቂያ ብቻ ይመስለዋል። ውስጡ ባዶ የጋዝ ክፍል ነው፤ አረሩ ሲያልፍ ጋዙ እዚያ ተስፋፍቶ ለቅጽበት ይቆያል፤ ግፊቱ ፒስተኑን ጨርሶ እስኪገፋ ድረስ ይደገፋል። ያለ እርሱ ጠመንጃው በአስተማማኝ ሁኔታ አይሠራም። አፈሙዙ ስላጠረ አረሩ በቂ ሽክርክሪት እንዲያገኝ ውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮችም ጠበቅ ተደርገዋል፤ በ200 ሚሊሜትር አንድ ዙር የነበረው በ160 ሆኗል። ይህን ሁሉ አድርገውም ፍጥነቱ በሰከንድ ከ900 ወደ 735 ሜትር ወርዷል፤ የአረሩ ጉልበት አንድ ሦስተኛው ሄዷል ማለት ነው። በረዥም ተኩስ ቶሎ ይግላል። እኔ ይህን መሣሪያ የማደንቀው በችሎታው ሳይሆን በሐቀኝነቱ ነው፤ የማይቻለውን ለማስመሰል አልሞከሩም፤ ማነጣጠሪያውን እንኳን በ500 ሜትር ገድበውታል።

አሜሪካኖች መሐል መንገዱን ያገኙት በኤም 4 ነው። በ1994 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ጠመንጃ 14.5 ኢንች አፈሙዝ አለው። ከቀዳዳዋ እስከ ጫፉ ያለው ርቀት ከ20 ኢንቹ ጠመንጃ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም፤ ጊዜው ተመለሰ። ነገር ግን ቀዳዳዋ አሁንም ወደ ኋላ ቀርባለች፤ ግፊቱም ከረጅሙ ጠመንጃ በእጥፍ የተጠጋ ነው። ስለዚህ ኤም 4 በጊዜ እጥረት አይነክስም፤ የሚሠቃየው በኃይል ብዛት ነው። ከብዙ ተኩስ በኋላ መዝጊያው ላይ ያሉት ጥርሶች ይሰነጠቃሉ፤ የቀለሃ ጥፍሩ ይዝላል። ለዚህም የጥፍሩ ሞላ ተጠናከረ፤ ከመዝጊያው ኋላ ያለው ክብደት በየጊዜው ከበደ። ክብደቱ መዝጊያው የሚፈታበትን ቅጽበት በጥቂቱ ያዘገያል፤ ቀለሃው ለመላቀቅ ፋታ ያገኛል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ በሰው ፀጉር ስፋት የማይታይ መዘግየት የአንድን ብረት ዕድሜ በሺዎች ተኩስ ያራዝማል።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች በሱቅ የምታዩት አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ለምን 16 ኢንች እንደሆነ ጠይቃችሁ ይሆናል። ከ1934 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ከዚህ ያጠረ አፈሙዝ ያለውን ጠመንጃ በልዩ ምዝገባ ሥር ያስገባዋል፤ ሳያስመዘግቡ ማሳጠር ከባድ ወንጀል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ይገዛል። ከሕጉም ባሻገር፣ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ መጋዝ ይዞ የሚጀመር ሥራ እንዳልሆነ ያሳያል። ግፊቱን በመሣሪያ ሳይለኩ የነኩት ጠመንጃ ከተኳሹ ፊት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚፈነዳ ነገር ነው።

ሌላው መንገድ ጋዙን ከመዝጊያው ማራቅ ነው። የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮህ ያዘጋጀው ኤችኬ 416 የኤም 4ን መልክ ይዞ በቱቦው ፈንታ አጭር ፒስተን አስገባ። ጋዙ እፊት ፒስተኑን ከገፋ በኋላ እዚያው ይወጣል፤ መዝጊያው አካባቢ ጥላሸትና ሙቀት ይቀንሳል። የ10.4 ኢንቹ ቅጂ አስተማማኝነት በልዩ ኃይሎች ዘንድ ስም አተረፈለት፤ ኖርዌይ በ2007፣ ፈረንሳይ በ2016 ረዘም ያሉትን ቅጂዎች ለመደበኛ ጦራቸው መረጡ። ፒስተን ግን ተአምር አይደለም። ከፊት በኩል ክብደት ይጨምራል፤ መዝጊያውን የተሸከመውን ብረት ከላይ ስለሚገፋው ወደ አንድ ወገን ያዘነብለዋል፤ ይህን ለመግታት ተጨማሪ ለውጥ አስፈልጓል። ደግሞም ፒስተን ያለው ጠመንጃም ከቀዳዳዋ እስከ ጫፍ ያለውን ርቀት ማክበር አለበት፤ ኤኬኤስ 74ዩም ፒስተን ነበረው።

ዛሬ ሒሳቡን እንደገና ያወሳሰበው የድምፅ ማፈኛ ነው። ማፈኛ ጋዙን አፍኖ ስለሚይዝ አረሩ ከወጣ በኋላም ግፊቱ ቶሎ አይወድቅም። ያለ ማፈኛ በትክክል የሚሠራ አጭር ጠመንጃ ማፈኛ ሲገጠምለት ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ትርፉ ጋዝም በመዝጊያው ክፍተት ወጥቶ ወደ ተኳሹ ዓይንና ሳንባ ይሄዳል። ለማፈኛ የተስተካከለው ደግሞ ማፈኛው ሲወልቅ ኃይል ያጥረዋል። የአሜሪካ ጦር በ2022 ከሲግ ሳወር ኩባንያ የመረጠው አዲሱ ኤም 7 አፈሙዙ 13 ኢንች ሆኖ ከማፈኛ ጋር አብሮ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው፤ የጋዙን መጠን በእጅ የሚቀይር መቆጣጠሪያም አለው። ጥይቱ ግን ከኤም 4 ጥይት በጣም በበለጠ ግፊት ይሠራል፤ አፈሙዙ ያጠረበትን ኪሳራ በግፊት ለማካካስ ነው። ያ ግፊት በመዝጊያው ጥርሶች፣ በቀለሃው ጥፍርና በአፈሙዙ ላይ የሚያደርሰው ድካም ምን ያህል እንደሆነ የሚለካው ወታደሮቹ በየሜዳው በሚተኩሱት ጥይት ብዛት ነው፤ ያ ቆጠራ ገና በመካሄድ ላይ ነው።